ከሰባት እርምጃ ርቀት

ሰኞ 4፣ ማለዳ፣ ኪዮስክ ውስጥ

አከፋፋዩ ገና አልመጣም። እሽጉ እስኪደርስ ይህን ደብተር ልጀምረው። ልጄ ናት የሰጠችኝ፤ "እማ፣ የሚያስጨንቅሽን እዚህ ላይ ጻፊው፣ እኛ ላይ አታራግፊው" ብላ። ዕድሜዋ አሥራ ሰባት ነው፣ አነጋገሯ የሰባ።

የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። የማታው የግራፊክስ ትምህርት እንደገና ተጀመረ። ባለፈው ወቅት ሁሉንም አልፌ በአንዱ ወደቅኩ። "የሽፋን ትንተና" ይባላል። ዘንድሮ እሱን እደግማለሁ። ሁለተኛ ከወደቅኩ እሰናበታለሁ፤ ደንቡ ነው። በአርባ ሦስት ዓመቴ ልባረር ማለት ነው።

እንዴት እንደወደቅኩ? የጻፍኩት ደህና ነበር። ቆሜ ማቅረብ ነበረብኝ። ቆምኩ። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥኩ። በቃ።

እሽጉ መጣ።

ረቡዕ 6

መምህሩን ተማሪው ሁሉ "ኅዳግ" ነው የሚለው። ገጽ ባየ ቁጥር "ኅዳጉ ጠበበ፣ ኅዳጉ ሰፋ" ይላላ። ከእኔ ቢያንስ በአሥር ዓመት ያንሳል። "እርስዎ" ሲለኝ ግን አክብሮት ሳይሆን ክስ የሚያነብብኝ ነው የሚመስለኝ።

ዛሬ ሥራውን ሰጠን። አንድ የሙዚቃ መጽሔት እንመርጣለን። የስሙን ፊደል፣ ፎቶውን፣ ቀለሙን፣ አርዕስቶቹን፣ ባዶ ቦታውን እንተነትናለን። ከዚያ ሽፋኑ ለማን ተብሎ እንደተሠራ እናስረዳለን፤ "ዒላማ ተደራሲ" ይለዋል እሱ። ዒላማ ሲባል ለእኔ ጠመንጃ ነው የሚታየኝ። ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ በ18፣ ፈታኞች ፊት ቆመን እናቀርባለን። አንዱ ፈታኝ ከውጭ ነው የሚመጣው።

ቆመን።

ቅዳሜ 9

መጽሔት መረጥኩ። መጽሔት ምረጪ መባሌ ራሱ ያስቀኛል፤ ሃያ ዓመት እኮ ከመጽሔት ጋር ነው የኖርኩት። ኪዮስኬ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ትይዩ ነው። ከጣሪያው ሥር ገመድ ወጥሬአለሁ፤ መጽሔቶቹን በልብስ መቆንጠጫ እሰቅላቸዋለሁ። ቦታው ስለማይበቃ ይደራረባሉ፤ የአንዱ ግራ የሌላውን ቀኝ ይሸፍናል።

የወሰድኩት "ምት" የሚባለውን ነው። ለምን? በየወሩ የሚተርፈኝ እሱ ስለሆነ። ያልተሸጡትን ለአከፋፋዩ ልመልስ ሳስር ሁሌ ከላይ ያለው እሱ ነው። ለምን እንደሚተርፍ ማወቅ ፈለግኩ።

ባለቤቴ "እኔስ ምን ልሥራ?" አለ። "ምንም፤ ማታ ማታ ኪዮስኩን ጠብቅልኝ" አልኩት። ወገቡ ታሞ ከጭነት መኪናው ከወረደ ሁለት ዓመቱ ነው። ፊቱን አዞረ። የተቀየመ መሰለኝ።

እሑድ 10

ዝናብ። ቤት ነኝ። ሽፋኑን ወንበር ላይ አቁሜ እንደ እንግዳ ፊት ለፊቱ ተቀምጫለሁ።

ጀርባው ቢጫ ነው፣ የእንቁላል አስኳል የመሰለ። "ምት" የሚሉት ሁለት ፊደላት በቀይ፣ ከላይ፣ ከዳር እስከ ዳር። መሐል ላይ አንዲት ወጣት ዘፋኝ ከደረቷ በላይ ትታያለች። ፀጉሯ ወደ ላይ ተቆልሎ የ"ት"ን ግማሽ ውጦታል። ኅዳግ ባለፈው እንዳለን ከሆነ፣ ስሙን የሚያስሸፍን መጽሔት "አንባቢዬ ያውቀኛል" ብሎ የሚተማመን ነው። ዓይኖቿ ቀጥታ ያያሉ። የትም ብትሄዱ ይከተሏችኋል፤ ወጥ ቤት ገብቼ ስወጣ ሁሉ አየችኝ። በስተቀኝ አራት አርዕስቶች አሉ፣ ነጭ ፊደል በቢጫ ላይ፤ ወተት ላይ የተበተነ ሩዝ በሉት። ከታች በቀኝ ጥግ ደግሞ አንዲት ሳጥን፦ "ከሃያ ዓመት ዝምታ በኋላ ሳክስፎን ተጫዋቹ ተናገረ።" የሽማግሌው ፎቶ ቴምብር ያክላል።

ለማን ነው የተሠራው? ይሄ ቀላል ነው። ቢጫው፣ ፀጉሩ፣ ዓይኑ፣ ሁሉም "አንቺ ልጅ፣ ነይ" ይላል። ከአሥራ ስድስት እስከ ሃያ ሁለት ዓመት ያሉ ሴቶች ልጆች። ጻፍኩት፤ ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም።

ከሰዓት በኋላ የባለቤቴ እህት መጣች። እኛ ቤት ስሟ "ዳኛዋ" ነው፤ ገብታ ሳትቀመጥ ትፈርዳለች። እኔ ልብስ ላነሳ ወጣሁ። ስመለስ ድምፅዋ ከሳሎን ይሰማል፦ "ወንድሜን በታመመ ወገቡ በርጩማ ላይ ጎልታ እሷ ተማሪ! በዚህ ዕድሜዋ ማን ሊቀጥራት ነው?" እሱ ምን እንደመለሰ አልሰማሁም። መስማት ስላልፈለግኩ ልብሱን ይዤ ወደ ደጅ ተመለስኩ። ልብሱ እንደገና ራሰ።

እውነቷን ነው እኮ። ወገቡን እያመመው ነው የሚቀመጥልኝ።

ማክሰኞ 12፣ ኪዮስክ

የሚገርም ነገር። አንዲት መነጽር ያደረገች ሴትዮ መጥታ "ሽማግሌው ያለበት መጽሔት መጣ?" አለችኝ። ፊት ለፊቷ ተሰቅሏል! አፍንጫዋ ሊነካው ምንም አልቀረውም። ሳጥኗን ግን ከጎኑ ያለው የስፖርት መጽሔት ሸፍኗታል። አውርጄ ሰጠኋት። ከኋላ ጀምራ ገለጠች፣ ሽማግሌው ጋ ስትደርስ ቆመች፣ እዚያው መንገድ ላይ ማንበብ ጀመረች።

ከሷ በኋላ ደግሞ ሁለት ሰው። ሁለቱም ከአርባ በላይ። ሁለቱም "ሽማግሌው"።

ዓርብ 15

ክፍል ውስጥ ቦታ አጣሁ ማለት ይቻላል። ልጆቹ ሁሉ መጥተው እኔ አጠገብ ይደረደራሉ። "እትዬ፣ ይሄ ፊደል ከሩቅ ይነበባል?" "እትዬ፣ ይሄን ሰማያዊ ሰው ይወደዋል?" እነግራቸዋለሁ፤ ምን ችግር አለው። ግን ለምን እኔ ጋ እንደሚታጨቁ አልገባኝም። መስኮቱ ስላለ ይሆናል፤ ክፍሉ ይሞቃል።

ሰኞ 18

ወጣቶቹ ሴቶች ይመጣሉ። ያዩታል። "ውይ ፀጉሯ!" ይላሉ። ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያነሱትና ይሄዳሉ። ከትናንት ወዲያ አምስት፣ ዛሬ ሰባት። የገዛችው አንዷ ብቻ ናት፤ እሷም የታችኛው መንገድ ፀጉር ሠሪ። ደንበኞቿ ከሽፋኑ ላይ ፀጉር እንዲመርጡ መስተዋቱ ሥር ልትለጥፈው ነው። ውስጡን አልገለጠችውም።

ስለዚህ እሑድ የጻፍኩት ስህተት ነው? ስህተት አይደለም፤ ጎደሎ ነው። ሽፋኑ የሚጮኸው ለሚያዩት ነው። ለሚገዙት የሚያንሾካሹከው በጥግ ነው።

ይቺን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኳት። የእኔ ናት?

ረቡዕ 20

ባለቤቴ ሰሞኑን ጠባዩ ተለውጧል። ከትምህርት ስመለስ ኪዮስክ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ይጽፋል። ሲያየኝ ይዘጋዋል። "ምንድን ነው?" ስለው "የጋዜጣ መስቀለኛ ቃላት እየሞላሁ ነው" አለ። ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ፤ መስቀለኛ ቃላት ሲሞላ አይቼው አላውቅም። ቅሬታውን እየጻፈ ይሆናል። ሰው ሰልችቶት ሲዘጋ እንዲህ ነው። እኔው ነኝ ያመጣሁት።

እራት ላይ ሰሐኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገ፤ "ብዪ" ነው መሰለኝ።

ሰኞ 25

ረቂቁን ለኅዳግ ሰጠሁ። አሥራ አንድ ገጽ። እጄ ላብ በላብ ስለነበር የመጀመሪያው ገጽ ላይ አሻራዬ ታትሞ ቀርቷል።

ረቡዕ 27

መለሰልኝ። ሁሉም ሰው እየሰማ።

"እርስዎ የጻፉት የሱቅ ወሬ ነው። 'አንዲት መነጽር ያደረገች ሴትዮ እንዲህ አለችኝ' ማስረጃ አይባልም። አታሚው ራሱ ተደራሲዎቼ ወጣቶች ናቸው ብሎ አውጥቷል። ይሄን የሚያፈርሱበት ምንጭ የታለ?"

ምንጩ እኔ ነኝ፤ ሃያ ዓመት የቆምኩት እኔ ነኝ ልል ነበር። አላልኩም። "እሺ" አልኩ። ጭራሽ "አመሰግናለሁ" ሁሉ ብያለሁ! ለምኑ ነው የማመሰግነው?

ሐሙስ 28

አከፋፋዩ ዘገየ። ራሴን አመመኝ። አንድ ጋዜጣ ለሁለት ሰው ሸጥኩ፤ ተጣሉ።

ዓርብ 29

ትምህርት አልሄድኩም። ለባለቤቴ ራሴን አሞኛል አልኩት። ጃንጥላውን ይዞ ወደ ኪዮስኩ ሄደ። "እኔ እኮ ዛሬ አለሁ፣ አንተ ለምን ትሄዳለህ?" ብለው "ደንበኛ ይጠብቀኛል" አለ። የምን ደንበኛ?

እሑድ 1

ቤቱን ሁሉ አጠብኩ። የታጠበውን እንደገና አጠብኩ። ልጄ በሩ ላይ ተደግፋ ስታየኝ ቆየችና "ልታቆሚ ነው አይደል?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"እማ፣ አትቀልጂ። ትምህርቱን።"

ቁጭ አልኩ። ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። ስምንተኛ ክፍል ሆኜ ቆሜ እንዳነብ ታዘዝኩ። አንዲት ቃል ተሳሳትኩ። ክፍሉ ሳቀ። አስተማሪውም ሳቀ፤ እሱ ባይስቅ ኖሮ እረሳው ነበር። በማግስቱ ሆዴን አመመኝ አልኩ። በሳልስቱም። ከዚያ ቀረሁ። ቃሏን እስከዛሬ አውቃታለሁ። እዚህም አልጽፋትም።

ልጄ ትስቃለች ብዬ ነበር። ጨርቁን ከእጄ ተቀበለችኝ። መሬቱን እየወለወለች "አክስቴ ያን ቀን ስትናገር አባዬ ምን እንዳለ ሰምተሻል?" አለች።

"አልሰማሁም።"

"'እኔ ሠላሳ ቶን ጭኜ አቀበት ስወጣ ለምን ያለኝ የለም፤ እሷም የጫነችውን ታድርስ' ነው ያለው። አክስቴ ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች።"

አላመንኳትም። እሷ ደግሞ ለማጽናናት ትዋሻለች።

ከዚያ ሽፋኑን አንስታ አየችው። "እኔ ይቺን ዘፋኝ በስልኬ ቀን ከሌት አያታለሁ፤ ለምን ብዬ እገዛታለሁ? እሷና ሽማግሌው ጎን ለጎን ቆመው ቢሆን ግን ምን ተባባሉ ብዬ እገዛ ነበር።"

ጻፍኩት። ሳላስበው ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩት።

ማክሰኞ 3

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ጠዋት ባለቤቴ ኪዮስክ ድረስ መጣ። አንድ ደብተር ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና "ያ ሰውዬ ምንጭ የታለ አለሽ አይደል?" አለ። እኔ አልነገርኩትም! ልጅቷ ናት።

ከፈትኩት። ድሮ ጭነት ሲያመላልስ የጉዞ መዝገብ በሚጽፍበት እጅ፣ መስመር በመስመር፦

"ቀን 11፣ ከምሽቱ 12፡40። ወንድ፣ ሃምሳ ግድም፣ ሻንጣ የያዘ። 'ሽማግሌው' ብሎ ጠየቀ። ገዛ። ከኋላ ገለጠ።"

"ቀን 11፣ 1፡05። ሦስት ልጃገረዶች። ፎቶ አነሱ። አልገዙም። አንዷ ወገቤን አይታ ለምን አይተኙም አለችኝ።"

"ቀን 22፣ 12፡20። ወንድ፣ ሽበታም። ቆሞ አይቶ ሄደ። ጠርቼ ጠየቅኩት። ሽማግሌው ያለበት ገና አልመጣም መሰለኝ አለ። ፊት ለፊቱ ነበር። አሳየሁት። ገዛ። ተሳደበ፣ እኔን ሳይሆን መጽሔቱን።"

እንዲህ እያለ ሃያ ሁለት ገጽ! እኔ ቀን ላይ ስላለሁ የማታውን ብቻ አይደለም፤ ከሰዓት እኔ ምሳ ስሄድ የመጡትን ሁሉ ጽፏል። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ።

"መቼ ነው ይሄን ያሰብከው?" አልኩት።

"ሥራ ስፈታ እጄን ይበላኛል" አለ።

እንግዲህ ሥራ ስለፈታ ነው። ምን ላድርገው። ደብተሩን ደረቴ ላይ ይዤ ቆየሁ፤ ሰው "ጋዜጣ!" ብሎ እስኪጮህብኝ ድረስ።

ሐሙስ 5

ደመርነው። ልጄ አነበበች፣ እኔ ጻፍኩ፣ እሱ "ይቺ ሁለቴ እንዳትቆጠር፣ ተመልሳ የመጣች ናት" እያለ አረመ። ስልሳ አራት ገዢ። አርባ ሰባቱ ሽማግሌውን በቃላቸው የጠየቁ። ከሃያ አምስት ዓመት በታች የሚሆኑት አምስት ብቻ። ፎቶ አንስተው የሄዱ ወጣቶች መቶ ሠላሳ ዘጠኝ።

ከጠረጴዛው ስንነሳ ባለቤቴ "ወገቤ ዛሬ ደህና ነው" አለ።

ዓርብ 6

ትምህርት ተመለስኩ። ባለፈው ሳምንት ረቡዕ የተቀመጥኩት በር አጠገብ ነበር፤ ዛሬም እዚያው ተቀመጥኩ፤ ልጆቹም እዚያ መጡ። እዚያ መስኮት የለም።

ዓርብ 13

ኅዳግ አዲሱን ረቂቅ አነበበ። የባለቤቴንም ደብተር አየ። ረጅም ጊዜ አገላበጠው። ምንም ዓይነት ኅዳግ የሌለው ደብተር ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጽፏል፤ ይሄን ነው የሚለኝ ብዬ ጠበቅኩ።

"ይሄን ማን ሠራው?"

"ባለቤቴ። ሹፌር ነበር።"

መነጽሩን አወለቀ። "እኔ ስድስት ዓመት ሳስተምር ገዢ ቆጥሮ የመጣ ተማሪ አላየሁም" አለ። ቀጥሎ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "የባለፈው ጊዜ አነጋገሬ ልክ አልነበረም። ያቅርቡት።"

ይቅርታ መጠየቁ ይሁን አይሁን አልገባኝም። እኔም "ምንም አይደል" አልኩ። ምንም አይደል አልነበረም፤ ግን አልኩ።

ማክሰኞ 17

ነገ ነው።

ሦስት ጊዜ ተለማመድኩ። ሦስቱንም ጊዜ "እንደምን ዋላችሁ" ላይ ተሰናከልኩ።

ልጄ፦ "ኪዮስክ ላይ እኮ መንገድ ተሻግሮ የሚሰማ ድምፅ አለሽ።" እዚያ ሌላ ነው። እዚያ እጄ ሥራ ላይ ነው።

እጄ ሥራ ላይ ነው…

ገመዱን ፈታሁ። መቆንጠጫዎቹንም በከረጢት ከተትኩ።

ሐሙስ 19

ትናንት የሆነውን አንድም ሳላስቀር ልጽፈው ነው። ኪዮስኩ ዝግ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሕመምና ከሐዘን በቀር ዘግቼው አላውቅም። ዛሬ የዘጋው ባለቤቴ ነው። ካርቶን ላይ "ዛሬ የለንም" ብሎ በትልቁ ጻፈና አንጠለጠለው።

ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ። ኅዳግ፣ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ፣ ከውጭ ደግሞ ፀጉሯን አሳጥራ የቆረጠች፣ ሽበቷን ያልደበቀች ስድሳ ዓመት የሚሆናት ሴትዮ። ስሟን ተናገሩ፤ በጭንቀት አልሰማሁትም።

ተጠራሁ። ወጣሁ። ፊቴን ወደ ሰው አዞርኩ፤ ሠላሳ ጥንድ ዓይን። ያኔ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። የገመዱን አንድ ጫፍ በመስኮቱ እጀታ፣ ሌላውን በካፖርት መስቀያው አሰርኩ። አሥራ ሁለት መጽሔት አንድ በአንድ መስቀል ጀመርኩ፤ ጠዋት ጠዋት እንደማደርገው፣ አደራርቤ። "ምት"ን ከስፖርቱና ከፋሽኑ መሐል። አራተኛው መቆንጠጫ ላይ የሰው ድምፅ ሰማሁ። የእኔ ነበር። ለካ እያወራሁ ኖሯል!

"…አከፋፋዩ የሚያመጣው አሥራ ሁለት ገመድ የሚሞላ መጽሔት ነው፣ እኔ ያለኝ ገመድ አንድ ነው፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ የሚታየው ግራ ጎኑ ብቻ ነው…"

ዞር አልኩ። ድምፄ አልቆመም።

"አሁን ሁላችሁም ተነሱልኝ። ፈታኞቹም ጭምር፣ ይቅርታ። መንገደኛ ከእኔ ኪዮስክ ሰባት እርምጃ ርቆ ነው የሚያልፈው። ሰባት እርምጃ ወደ ኋላ።"

ተነሱ። ወንበር ተንጓጓ። ኃላፊው ቆጥሮ ነው የሄደው። "ሽማግሌው ያለበትን መጽሔት ፈልጉልኝ" አልኳቸው። አንዱ "የቱ ሽማግሌ?" አለ። "እሱን ነው እኔም በቀን አሥር ጊዜ የምጠየቀው" ስል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ለአንድ አፍታ ስምንተኛ ክፍል ተመለስኩ። ከዚያ ግን አየኋቸው። በእኔ አልነበረም የሳቁት፤ ባልኩት ነው። ይሄን ለመለየት አንድ ትንፋሽ ፈጀብኝ፤ ቀጠልኩ።

ቀለሙን ነገርኳቸው፤ ቢጫው ከመንገድ ማዶ እንደሚጠራ፣ ነጩ ፊደል ግን እዚያው ቢጫ ውስጥ እንደሚሰምጥ። የልጅቷን ዓይን ነገርኳቸው፤ እኩዮቿን አስቁማ ፎቶ እንደምታስነሳ። "ሽፋኑ ለሚያዩት ይጮኻል፣ ለሚገዙት ያንሾካሹካል" አልኩ። የባለቤቴን መዝገብ ከፍቼ አነበብኩ፤ ወገቡን ያየችዋን ልጅ ሳይቀር። ቆሜ፣ ጮክ ብዬ፣ ሁለት ገጽ ሙሉ አነበብኩ። አንድም ቃል አልተሳሳትኩም። ብሳሳትም ግድ አልነበረኝም።

ስጨርስ ሽበታሟ ሴትዮ ወደ ገመዱ ቀረበች። "ምት"ን ነካ አደረገችና "የዚህ መጽሔት ዋና አዘጋጅ እኔ ነኝ" አለች።

የኅዳግ ፊት ወረቀት መሰለ።

"ይሄን ሽፋን የሠራው ሰው ምን የተሳሳተ ይመስልዎታል?" ብላ ጠየቀችኝ።

መዋሸት እችል ነበር። ጥሩ ነው ለማለት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። "አልተሳሳተም" አልኳት። "ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ነው የሠራው፤ ጠረጴዛ ላይ ቆንጆ ነው። እኔ ግን ጠረጴዛ የለኝም። ገመድ ነው ያለኝ።"

"እርስዎ ቢሆኑስ?"

"ልጅቷን አላባርራትም። ሽማግሌውን ከጥግ አውጥቼ አጠገቧ አቆመው ነበር፣ በግራ በኩል። እርስ በርስ እንዲተያዩ። ልጄ ምን ተባባሉ ብላ ትገዛለች፣ አባቷ ደግሞ ሽማግሌውን ብሎ ይገዛል።"

ሴትዮዋ ሰባት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። እንደገና። ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። ከዚያ ብቻዋን ማጨብጨብ ጀመረች፤ ልጆቹ ተከተሏት፤ የመጨረሻ ወንበር ላይ ያሉት እግራቸውን ይመቱ ነበር።

ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ ነበር። "ተናገርኩ" አልኩት። ከዚያ በላይ ማለት አቃተኝ። እሱም ጨርሺ አላለኝም።

ማክሰኞ 24

ውጤት ተለጠፈ። ከታች ወደ ላይ ሳነብ ስሜን አጣሁት። ለካ ከታች ጀምሬ መፈለግ ስለለመድኩ የመጀመሪያውን መስመር ዘልዬዋለሁ። እዚያ ነበርኩ። አንደኛ።

ዳኛዋ ማታ መጣች። ሳትቀመጥ፦ "እኔ መጀመሪያውኑ ብዬ ነበር።" ምን እንዳለች ማንም አልጠየቃት። ሻይዋን ግን ጨረሰች።

ረቡዕ 2

ዋና አዘጋጇ አስጠራችኝ። የመጽሔቱ ቢሮ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሥራ አንድ ሰው ክብ ሠርቶ ተቀምጧል፤ የሚቀጥለው ወር ሽፋን ግድግዳ ላይ በመብራት ይታያል። አንዲት ከበሮ መቺ ወጣት፣ ብቻዋን፤ በቀኝ ጥግ አንድ የድሮ ከበሮ መቺ፣ እንደገና ቴምብር አክሎ።

"አትመው ይስጡኝ" አልኩ። በወረቀት አወጡልኝ። ግድግዳው ላይ ለጠፍኩና "ወደ ኋላ" አልኳቸው። ክፍሉ ስለማይበቃ አሥራ አንዱም በበሩ ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ተኮለኮሉ፤ ሻይ የምታመላልሰው ሴት ትሪዋን ይዛ መሐላቸው ቀረች። እኔ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ እጮሃለሁ፦ "ምን ይታያችኋል?"

ሽፋኑን የሠራው ወጣት ተኮሳትሮ ነበር። ሻይ የምታመላልሰው ሴት "ልጅቷ ብቻዋን ናት እንዴ?" ስትል ግን ፊቱ ተለወጠ። ገባና ራሱ "ግራ" አለ፤ "ሰውዬውን ወደ ግራ፣ ከእሷ እኩል።" እዚያው እያየን አዛወረው። ነጩን ፊደልም ጥቁር አደረገው። እኔ አንድ ቃል አልጨመርኩም፤ ማስፈለጉም ቀርቶ ነበር።

ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም ሽፋን ወደ ማተሚያ ከመሄዱ በፊት እኔ እንዳየው ተስማማን። ሊፍቱ ውስጥ ብቻዬን ስሆን ዘፈን አንጎራጎርኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሰው ገባ፤ አላቆምኩም።

ሐሙስ 17

አዲሱ "ምት" ዛሬ ጠዋት ወጣ። እሽጉን በጥርሴ ነው የፈታሁት። ሰቀልኩት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ሦስት ተሸጠ፣ ከዚያ ስድስት። ሁለት ልጃገረዶች ስልካቸውን አወጡ፣ ተያዩ፣ ስልኩን መልሰው አንዷ ቦርሳዋን ከፈተች። ባለቤቴ እርሳሱን አንስቶ "አንድ" አለ፤ ከዚያ "አይ፣ ሁለት።"

እኩለ ቀን ላይ ነው። መንገዱ በመኪና ተጨናንቋል። ከመናኸሪያው የወጣ አንድ ትልቅ አውቶቡስ ከማዶ፣ መሐል መንገድ ላይ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። የተበላሸ መሰለኝ። ሹፌሩ፣ ጢሙ የሸበተ ግዙፍ ሰው፣ ግማሽ አካሉን በመስኮት አወጣና በአንድ እጁ ወደ ገመዴ አመለከተ።

"እመቤት! ያቺን! ባለ ከበሮዋን!"

"ውረድና ውሰድ!" ብዬ ጮህኩ።

"ስልሳ ሰው ጭኜ እንዴት እወርዳለሁ? አምጪልኝ!"

ከኋላው አንድ መኪና ጥሩንባ ነፋ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ መንገዱ ሙሉ። መጽሔቱን ከነመቆንጠጫው ነጥቄ እጄን ከፍ አድርጌ በመኪናዎቹ መሐል ሮጥኩ። ተሳፋሪዎቹ በመስኮት ይስቃሉ፤ አንዲት ሴት "እኔም!" ትላለች፤ ከኋላዬ ባለቤቴ ሌላ አንድ ይዞ፣ ወገቡን ይዞ፣ እየሮጠ ይመጣል። ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ ተቀበለኝ። ሽፋኑን መሪው ላይ ዘረጋና "ከመናኸሪያው በር ጀምሮ ሲጠራኝ ነው የመጣሁት" አለኝ።

ጥሩንባው አልቆመም። እኔም ከመንገዱ አልወጣሁም፤ አውቶቡሱ እስኪያልፍ እዚያው መሐል ላይ ቆሜ እጄን አውለበለብኩ።